ማሻሻያው ነፃ ነው፣ በሩ ግን ተቆልፏል፦ ያገለገለ ራውተርና ከግርጌ የተጻፈችው አንቀጽ

ኔትወርክ የምትማሩ ከሆነ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንባችሁም። ሦስት ጓደኛሞች ሆናችሁ ብር አዋጣችሁ፣ መርካቶ ወረዳችሁ፣ አንድ ያገለገለ የሲስኮ ራውተር ገዛችሁ እንበል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ ከውጭ ነው የመጣው፣ ምንም አይልም» ብሏችኋል። ቤት ስትደርሱ በኮንሶል ኬብል ከላፕቶፕ ጋር አገናኛችሁት። ፋኑ ጮኸ፣ መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ አሉ፣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይወርድ ጀመር። ሠራ! ከዚያ አንዳችሁ «ሶፍትዌሩ የመቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። አያችሁት። ከወጣ ስምንት ዓመት አልፎታል።

«ችግር የለም፣ እናድሰዋለን» አላችሁ። ወደ ኩባንያው ድረ ገጽ ገባችሁ፣ አካውንት ከፈታችሁ፣ የራውተሩን ሞዴል ፈለጋችሁ። ፋይሉ አለ። ስሙ፣ መጠኑ፣ የወጣበት ቀን ሁሉ ተጽፏል። ልታወርዱት ስትሉ ግን አካውንታችሁ ከድጋፍ ውል ጋር አልተያያዘም የሚል መልስ መጣ። በቃ። ዕቃው በእጃችሁ ነው፣ መድኃኒቱ ዓይናችሁ ፊት ነው፣ መሃል ላይ ግን እናንተ ያልፈረማችሁት ውል ቆሟል።

ትችት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን መጽሐፍ ወይም ፊልም ነው። ዛሬ የምንተቸው ግን አንዲት አጭር አንቀጽ ናት። ሲስኮ በመሣሪያዎቹ ላይ የደህንነት ክፍተት ሲገኝ ለሕዝብ ማስታወቂያ ያወጣል። ከማስታወቂያው ግርጌ አካባቢ የአገልግሎት ውል ስለሌላቸው ደንበኞች የምትናገር አንቀጽ አለች። ብዙ ሰው እስከዚያ ድረስ ወርዶ አያነብም። እኛ ግን ከእሷ እንጀምራለን፤ ምክንያቱም ያ የተቆለፈ በር ቁልፍ ካለው፣ ያለው እዚያች አንቀጽ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ግን፣ ፈርምዌር ምንድን ነው?

ራውተር ከላይ ሲያዩት የብረት ሳጥን ነው። ውስጡ ግን ኮምፒውተር ነው፤ ፕሮሰሰር አለው፣ ራም አለው፣ ፍላሽ የሚባል መብራት ቢጠፋም የማይረሳ ማከማቻ አለው። ሲበራ ቀድሞ የሚነሣው አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በብዙዎቹ የሲስኮ ራውተሮች ሮምሞን ይባላል። ሮምሞን ፍላሹ ላይ የተቀመጠውን ትልቁን ሶፍትዌር ፈልጎ ወደ ራም ይጭነዋል። ከዚያ በኋላ የትኛው ፓኬት በየት በኩል ይሂድ፣ ማን ይግባ፣ ማን ይከልከል የሚለውን ሁሉ የሚወስነው ያ ሶፍትዌር ነው። ፈርምዌር የምንለውም እንዲህ ከዕቃው ጋር ተጣብቆ የሚኖረውን ሶፍትዌር ነው።

ሰው የጻፈው ነገር ስህተት አያጣውም። አንዳንዱ ስህተት ራውተሩን ያንቀራፍፈዋል። አንዳንዱ ግን ከሩቅ ሆኖ በብልሃት የተሠራ መልእክት የሚልክ ሰው፣ የይለፍ ቃል ሳይኖረው መሣሪያውን እንዲቆጣጠር ያደርገዋል። የደህንነት ክፍተት የምንለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ክፍተቱ ሶፍትዌሩ ስላረጀ የመጣ አይደለም። ጎማ ሲነዳ ያልቃል፣ ጫማ ሲረገጥ ይቀደዳል፤ ኮድ ግን ስለተጠቀሙበት አያልቅም። ብዙውን ጊዜ ክፍተቱ ራውተሩ ከፋብሪካ በወጣበት ቀንም እዚያው ውስጥ ነበረ፤ የሚያውቀው አልነበረም እንጂ። ማለትም የተበላሸው ገዢው አላግባብ ስለተጠቀመ ሳይሆን ሠሪው ሲሠራው ስለተሳሳተ ነው። የዛሬው ክርክራችን ሁሉ የሚቆመው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

አንቀጿ የምትለው

ይዘቷ ባጭሩ ይህ ነው። ከኩባንያው በቀጥታ ገዝተው የአገልግሎት ውል የሌላቸው፣ እንዲሁም ከሌላ ሻጭ ገዝተው የተስተካከለውን ሶፍትዌር ከሻጩ ማግኘት ያልቻሉ ደንበኞች የኩባንያውን የቴክኒክ ድጋፍ ማዕከል ያነጋግሩ። ሲያነጋግሩ የመሣሪያውን ሴሪያል ቁጥርና የዚያን የደህንነት ማስታወቂያ የድረ ገጽ አድራሻ ይያዙ። ማስታወቂያው ራሱ ማሻሻያውን በነፃ ለማግኘት መብት እንዳላቸው ማስረጃ ይሆናል።

አያችሁ? ውል የሌለው ሰው ጨርሶ አልተረሳም። ከዚህም በላይ፣ አንቀጿ አንድ ትልቅ ነገር በጽሑፍ አምናለች፤ የደህንነት ማስተካከያ እንደ ሌላው አገልግሎት በውል የሚሸጥ ብቻ ሳይሆን፣ ውል ለሌለውም በነፃ ሊሰጥ የሚገባ ነገር ነው ብላለች። ብዙ ተማሪ ይህችን አንቀጽ ስለማያውቃት ብቻ «ያለ ውል አይቻልም» ብሎ ይተወዋል። ወይም ከማይታወቅ ቦታ የተገኘ ፋይል ይጭናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍርዳችን በጎ ነው፤ አንቀጿ መኖሯ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ቃላቷን አንድ በአንድ ስናነብ ነው።

የምትሰናከልባቸው አራት ቦታዎች

የመጀመሪያው «ደንበኛ» የሚለው ቃል ነው። ለመሆኑ ደንበኛ ማን ነው? ማስታወቂያዎቹ ሌላ ቦታ ላይ፣ ሶፍትዌር ማውረድ የሚችለው ከኩባንያው ወይም ሕጋዊ ውክልና ካለው ሻጭ የተገዛ ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ እንደሆነ ይገልጻሉ። በኩባንያው አሠራር ደግሞ የሶፍትዌሩ ፈቃድ በጥቅሉ ከዕቃው ጋር አብሮ ወደ ሁለተኛ ገዢ አይተላለፍም። እንግዲህ ራውተሩን ከመርካቶ የገዛችሁት እናንተ ምንድን ናችሁ? የብረቱ ባለቤት ናችሁ። ውስጡ የሚሠራው ሶፍትዌር ግን ፈቃዱ በመጀመሪያው ገዢ ስም ቀርቷል። በሬውን ገዛችሁ፣ ቀንበሩ ግን የሌላ ሰው ነው እንደማለት ነው። አንቀጿ «ከሌላ ሻጭ የገዙ» ስትል በሩን ገርበብ ታደርገዋለች፤ የፈቃዱ ደንብ ደግሞ መልሶ ይገፋዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሸንፍ አንባቢው ከጽሑፉ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚወስነው ስልኩን የሚያነሣው ሠራተኛ ነው። መብት ሲሆን ደግሞ በጽሑፍ ግልጽ መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው፣ ሸክሙ በሙሉ የወደቀው በጠያቂው ላይ ነው። ማሻሻያውን ለማግኘት በመጀመሪያ ክፍተት እንዳለ ማወቅ አለባችሁ። ከዚያ ማስታወቂያውን ማግኘት፣ የእናንተን ሞዴልና ቨርዥን እንደሚነካ ማጣራት፣ በእንግሊዝኛ ማስረዳት፣ መልስ መጠበቅ። ይህ ሁሉ ለአንድ ክፍተት ነው። ለሚቀጥለው ክፍተት ደግሞ እንደገና «ሀ» ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ውል ያለው ድርጅት ግን ፋይሉን በደቂቃዎች ውስጥ ያወርዳል። ፋይሉ ያው አንድ ፋይል ነው፣ ክፍተቱም ያው ነው። ልዩነቱ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ በደህንነት ጉዳይ ደግሞ ጊዜ ማለት ሁሉም ነገር ማለት ነው፤ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ክፍተቱን አጥቂውም ያውቀዋልና።

ሦስተኛው፣ ነፃ የሚባለው ማሻሻያ አዲስ ፈቃድ፣ ተጨማሪ አገልግሎት ወይም ወደ ትልቅ አዲስ ቨርዥን መሸጋገርን አይጨምርም። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። አዲስ ነገር የፈለገ ይክፈል። ግን በአንድ ፋይል ውስጥ ማስተካከያና አዲስ አገልግሎት ተቀላቅለው ሲመጡ፣ ለአንዱ መክፈል ያለበትና ለሌላው የሌለበት ሰው ምን ያድርግ? ቂጣና ማር አንድ ላይ ታሽጎ «ቂጣው ነፃ ነው» እንደማለት ነው።

አራተኛው ዕድሜ ነው። ማንኛውም ኩባንያ አንድን ሞዴል ለዘላለም አይደግፍም። ሲስኮ አንድን ዕቃ መሸጥ ካቆመ በኋላ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው የድጋፍ ቀን 5 ዓመት አካባቢ ቆይቶ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ውል ያለውም የሌለውም እኩል ባዶ እጁን ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ኩባንያው አርቪ016፣ አርቪ042፣ አርቪ042ጂ እና አርቪ082 በተባሉ የአነስተኛ ድርጅት ራውተሮቹ ላይ ከባድ ክፍተት መገኘቱን አሳወቀ፤ ድጋፋቸው ስላበቃ ግን ማስተካከያ እንደማያወጣ አብሮ ተናገረ። ያገለገለ ዕቃ ገበያ የሚደርሰው ደግሞ መቼ ነው? ድርጅቶች አዲስ ሲገዙና አሮጌውን ሲያወጡት፣ ማለትም ድጋፉ ሊያበቃ ሲል ወይም ካበቃ በኋላ። ለአውሮፓው ድርጅት የራውተሩ ዕድሜ ያለቀበት ቀን፣ ለእኛ ገበያ የመጀመሪያው ቀን ሊሆን ይችላል።

ኩባንያውስ ምን ይላል?

ትችት አንድ ወገን ብቻ ከሰማ ሐሜት ይሆናል። ስለዚህ የሌላውን ወገን ክርክር በጥንካሬው ልክ እንየው።

አንደኛ፣ ክፍተት የሚፈልጉ፣ የሚያስተካክሉና የሚፈትሹ መሐንዲሶች ደመወዝ ይከፈላቸዋል። የድጋፍ ውል የዚያ ገንዘብ አንዱ ምንጭ ነው። ሁሉም ሰው በነፃ ካገኘ ማን ውል ይገዛል? ሁለተኛ፣ አስመስሎ መሥራት እውነተኛ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ነጋዴ አስመሳይ የሲስኮ መሣሪያዎችን በብዛት በመሸጡ በአሜሪካ ፍርድ ቤት የ6 ዓመት ተኩል እስር ተፈርዶበታል። ከዕቃዎቹ ብዙዎቹ ያገለገሉና ርካሽ ሞዴሎች ሲሆኑ፣ አዲስና ውድ እንዲመስሉ ተቀይረው የተሸጡ ነበሩ። ከገዢዎቹ መካከል ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች ነበሩበት። ሴሪያል ቁጥር መጠየቅ እንግዲህ ዝም ብሎ ማንገላታት አይደለም።

እነዚህ ክርክሮች ክብደት አላቸው። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይቋጥራሉ። «ድጋፍ» አንድ ነገር ነው፤ በሌሊት ስልክ የሚያነሣ ባለሙያ፣ የተበላሸ ዕቃ በማግስቱ የሚተካ፣ አዲስ አገልግሎት የሚጨምር። ለዚህ መክፈል ተገቢ ነው። «ጥገና» ደግሞ ሌላ ነው፤ ሠሪው ራሱ የሠራውን ስህተት ማረም።

ከመኪና ጋር አነጻጽሩት። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው የአየር ከረጢቶች ሲፈነዱ ብረት እየረጩ ሰው መግደላቸው ሲታወቅ፣ በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚሆኑ የከረጢት መንፊያዎች እንዲቀየሩ ተጠሩ። ቶዮታን ጨምሮ የብዙ ኩባንያዎች መኪኖች ነበሩበት። ጋራዡ ለባለመኪናው «አንተ ሁለተኛ ገዢ ነህ፣ የጥገና ውልህን አሳየኝ» አላለውም። በአሜሪካ ሕግ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ 15 ዓመት እስካልሞላው ድረስ እንዲህ ያለ የደህንነት ጉድለት በነፃ ይስተካከላል፤ ባለቤቱ አምስተኛው ሰው ቢሆንም እንኳ። ልብ በሉ፣ እዚህም የዕድሜ ገደብ አለ። ገደቡ ግን የሚቆጠረው ከዕቃው ዕድሜ እንጂ ከገዢው ተራ ቁጥር አይደለም።

ደግሞም አንድ ፋይል ለአንድ ተጨማሪ ሰው ማውረድ የሚያስወጣው ወጪ የአየር ከረጢት ከመቀየር ጋር አይወዳደርም። ስህተቱ አንዴ ታርሟል፤ ወጪው አንዴ ወጥቷል።

የራሳችሁ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ

«እሺ፣ ርካሽ ዕቃ የገዛ ሰው ጉዳቱን ይቻለው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ የሚያስኬደው ጉዳቱ በእሱ ላይ ብቻ ቢቆም ነበር። አይቆምም።

ሲስኮ በስዊቾቹ ላይ ስማርት ኢንስቶል የሚባል አገልግሎት ነበረው። ዓላማው ጥሩ ነው፤ አዲስ ስዊች ሰው ሳይነካው ራሱን እንዲያዋቅር ማድረግ። ግን የይለፍ ቃል የማይጠይቅ አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2018 በዚሁ አገልግሎት ላይ ከባድ ክፍተት መገኘቱ ከማስተካከያው ጋር ይፋ ሆነ። በቀጣዩ ወር ኢራንና ሩሲያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ስዊቾች በስማርት ኢንስቶል በኩል ተጠቁ፤ ቅንብራቸው ጠፋ፣ በቦታውም የአሜሪካ ባንዲራ ተሥሎ ስለ ምርጫ የሚያስጠነቅቅ መልእክት ተቀመጠ። የኢራን ባለሥልጣናት በዓለም ዙሪያ ወደ 200,000 ስዊቾች እንደተነኩ፣ ከነዚህም 3,500ው በአገራቸው እንደሆኑ ተናገሩ።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ፣ ከሩሲያ የስለላ ድርጅት ጋር የተያያዙ አጥቂዎች ያንኑ የ2018 ክፍተት ድጋፋቸው ባበቃ መሣሪያዎች ላይ እየተጠቀሙበት እንደሆነ አስጠነቀቀ። ሰባት ዓመት ሙሉ! ማስተካከያ የወጣለት ክፍተት ከሰባት ዓመት በኋላም በር ይከፍታል፤ ምክንያቱም ማስተካከያ መኖሩና ማስተካከያ መድረሱ ሁለት ነገር ነው።

በትንንሾቹ የቤት ራውተሮችም ነገሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ይፋ የሆነው ቪፒኤንፊልተር የተባለ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን ይዞ ነበር። የተያዘ ራውተር ባለቤቱን ብቻ አይጎዳም። አጥቂው ሌላ ቤት ሲያጠቃ የሚሸሸግበት ጓዳ ይሆናል፤ ጥቃቱ ሲመረመርም የሚታየው የእናንተ አድራሻ ነው። ጎረቤታችሁ ቤት እሳት ቢነሣ «ሣሩን ያለ ውል ነው የከደነው» ብላችሁ ቁጭ አትሉም።

ያገለገለ ዕቃ የድሃ ተማሪ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከባንግላዲሽ ማዕከላዊ ባንክ 81 ሚሊዮን ዶላር ከተሰረቀ በኋላ አንድ የፖሊስ መርማሪ ለሮይተርስ ሲናገር፣ ባንኩ ፋየርዎል እንዳልነበረውና በ10 ዶላር የተገዙ ያገለገሉ ስዊቾች ይጠቀም እንደነበር ገልጿል።

አቋራጩ መንገድ

በር ሲቆለፍ ሰው በአጥር ይዘላል። የራውተሩን ፋይል ስም ብትፈልጉ ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ቅጂ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ፋይሉ ያው ነው፣ ምን ችግር አለው?» ይላል። ከፈቃድ ጥያቄው ሌላ፣ ሁለት ሳይንሳዊ ችግሮች አሉበት።

ያው መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ለዚህ የሚያገለግለን ሃሽ የሚባል ሒሳብ ነው። ሃሽ የፋይል የጣት አሻራ ነው ማለት ይቻላል። ኤስኤችኤ-512 የተባለው ስሌት የፈለገውን ያህል ትልቅ ፋይል ተቀብሎ 512 ቢት ያወጣል፤ ሲጻፍ 128 ፊደልና ቁጥር ይሆናል። ከፋይሉ አንዲት ቢት ብቻ ብትቀይሩ ከውጤቱ ግማሽ ያህሉ ይገለበጣል። ኩባንያው የፋይሎቹን ሃሽ በድረ ገጹ ስለሚያወጣ፣ የእናንተን አስልታችሁ ማወዳደር ትችላላችሁ። የቆየው ኤምዲ5 ግን ለዚህ ሥራ ብቻውን አይታመንም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በቻይናዊቷ ተመራማሪ ዋንግ ሺያውዩን የተመራ ቡድን፣ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ዓይነት ኤምዲ5 እንዲኖራቸው ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል።

ሃሹን የት ነው የምታሰሉት? ይህም ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 ማንዲያንት የተባለው የደህንነት ኩባንያ በዩክሬን፣ በፊሊፒንስ፣ በሜክሲኮና በሕንድ 14 የሲስኮ ራውተሮች ላይ የተለወጠ ፈርምዌር ማግኘቱን አሳወቀ። ሲንፉል ኖክ ብለው ሰየሙት። የተለወጠው ፍላሹ ላይ ያለው ሶፍትዌር ራሱ ስለነበረ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት አያስወጣውም። ከሞዴሎቹ መካከል 1841 እና 2811 ነበሩ። ፓኬት ትሬሰር የተማራችሁበት ሰዎች ቁጥሮቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ ተማሪ ለላብራቶሪ የሚፈልጋቸው ሞዴሎች ናቸው። እንዲህ ያለ ራውተር «ፋይልህ ጤነኛ ነው ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ «አዎ» ከማለት ማን ያግደዋል? ሌባን «ሰርቀሃል?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ስለዚህ ፋይሉን ራውተሩ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ሃሹን በሌላ፣ በምታምኑት ኮምፒውተር አስሉት።

እዚህ ላይ የአንቀጿ ትልቁ ጉዳት ይታያል። ሕጋዊውን መንገድ ባጠበበችው ቁጥር ሰውን ወደማይታወቅ ፋይል ትገፋዋለች። ለደህንነት የቆመ በር አደጋ ይወልዳል።

ሌላ አካሄድ አለ

«ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚሠራው» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ሊንክሲስ የተባለ ኩባንያ ደብሊውአርቲ54ጂ የሚባል ሰማያዊና ጥቁር የቤት ራውተር አወጣ። ሰዎች ሲመረምሩት ውስጡ ሊኑክስ ሆኖ ተገኘ። የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ ሶፍትዌሩን የሚያከፋፍል ሁሉ ሶርስ ኮዱንም እንዲሰጥ ያስገድዳል። በ2003 ኮዱ ተለቀቀ፤ በ2004 መጀመሪያ ኦፕንደብሊውአርቲ የሚባለው ነፃ ፈርምዌር ሥራው ተጀመረ። ዛሬም ድረስ ሠሪዎቻቸው የተዉአቸውን ብዙ ራውተሮች በሕይወት ያቆያል፤ ማንም ሴሪያል ቁጥር አይጠይቃችሁም። የሚገርመው፣ ኮዱ በተለቀቀበት በ2003 ሊንክሲስን የገዛው ሲስኮ ራሱ ነበር።

ግን ይህም ተአምር አይደለም። አብዛኞቹ የመጀመሪያዎቹ ደብሊውአርቲ54ጂዎች ፍላሻቸው 4 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ የዛሬው ኦፕንደብሊውአርቲ አይገባባቸውም። ትልልቆቹ የድርጅት ራውተሮች ደግሞ የራሳቸው ልዩ ቺፕ ስላላቸው በአብዛኛው ነፃ አማራጭ የላቸውም።

ነፃ መሆን ብቻውንም አይበቃም። የላትቪያው ሚክሮቲክ ማሻሻያዎቹን ያለ ድጋፍ ውል ለሁሉም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ለአንድ ከባድ ክፍተት ማስተካከያ አወጣ። በኦገስት ግን ከ170,000 በላይ ራውተሮቹ፣ መጀመሪያ በብራዚል ቀጥሎም በሌሎች አገሮች፣ ዲጂታል ገንዘብ ለሚቆፍሩ ሰዎች እየሠሩ ተገኙ። ማስተካከያው ነፃ ነበር፣ በሩም ክፍት ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን አልገቡም። እንግዲህ ሲስኮን ስንተች ይህንንም አንርሳ፤ በሩን መክፈት የኩባንያው ሥራ ነው፣ መግባት ደግሞ የእኛ።

ሕግም መንቀሳቀስ ጀምሯል። በእንግሊዝ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ዕቃ ለሸማች የሚሸጥ ሠሪ፣ የደህንነት ማሻሻያ ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚሰጥ መግለጽ ግዴታው ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሳይበር ሕግ ደግሞ ዋና ዋና ግዴታዎቹ ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 ጀምሮ የሚጸኑ ሲሆን፣ የደህንነት ማሻሻያ በአጠቃላይ በነፃ እንዲሰጥ፣ የድጋፉ ጊዜም በመደበኛው ቢያንስ 5 ዓመት እንዲሆን ያዛል። በተለይ ደስ የሚለው፣ በቴክኒክ እስከተቻለ ድረስ የደህንነት ማሻሻያ ከአዲስ አገልግሎት ተለይቶ እንዲወጣ ማዘዙ ነው። ያቺን የቂጣና የማር እሽግ አስታወሳችሁ? ሕጉ ለያይታችሁ አምጡ እያለ ነው።

ታዲያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን የድጋፍ ማብቂያ ቀን ፈልጉ፤ ሲስኮ ይህን ለሕዝብ ያወጣል። ቀኑ ካለፈ፣ ዋጋው ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ሴሪያል ቁጥር ሲበራ ስክሪኑ ላይ ከሚያሳየው ጋር አንድ መሆኑን አስተያዩ። ካልገጠመ ተዉት።

ከገዛችሁ በኋላ የድሮውን ቅንብር ሙሉ በሙሉ አጥፉ። ኢሴት የተባለው የደህንነት ኩባንያ በ2023 ባወጣው ምርመራ፣ ከገዛቸውና ከፈተሻቸው ያገለገሉ ራውተሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቀድሞ ባለቤቶቻቸውን ምስጢር እንደያዙ ነበር። የሌላ ሰው ምስጢር ብታገኙ አትቅዱት፣ አጥፉት። የማትጠቀሙበትን አገልግሎት ሁሉ ዝጉ፤ ስማርት ኢንስቶል፣ ቴልኔት፣ ከውጭ የሚከፈት የማስተዳደሪያ ገጽ።

የእናንተን ሞዴል የሚነካ የደህንነት ማስታወቂያ ካገኛችሁ ያቺን አንቀጽ ተጠቀሙባት። ሴሪያል ቁጥሩንና የማስታወቂያውን አድራሻ ይዛችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ ያገለገለ ገዝታችሁ እንደሆነ አትደብቁ። ቢከለክሏችሁ እንኳ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ማሻሻያ ካልተገኘ ራውተሩን ከኢንተርኔት ጋር አታገናኙት፤ ለብቻው በላብራቶሪ ይኑር። ለመማር ያህል ያረጀ ፈርምዌርም ብዙ ያስተምራል። ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ሲስኮ ራሱ በነፃ የሚሰጠው ፓኬት ትሬሰር አለላችሁ።

የመጨረሻው ፍርድ

አንቀጿ ትክክለኛውን ነገር አውቃለች፤ ክፍተት የሠሪው ዕዳ እንደሆነ። ግን ዕዳውን እንደ ምጽዋት ትከፍለዋለች። በሩ ላይ ቆሞ ለሚለምን፣ ስሙንና ቁጥሩን ለሚናገር፣ እድለኛ ለሆነ። የሚጎድላት ብዙ አይደለም። «ደንበኛ» በሚለው ቃል ፈንታ «መሣሪያው በእጁ ያለ ሰው» ብትል፣ የደህንነት ማስተካከያ ብቻ የያዘው ፋይል ድጋፉ እስካለ ድረስ ያለ ውል እንዲወርድ ብታደርግ፣ ድጋፉ ሲያበቃ ደግሞ ምን ማድረግ እንደሚሻል በግልጽ ብትናገር፣ ውል የሚገዛ ድርጅት ውሉን መግዛቱን አይተውም። እሱ የሚከፍለው በሌሊት ስልክ ለሚያነሣለት ባለሙያ ነው።

ከእናንተ አንዳንዶቹ ነገ የዩኒቨርሲቲ፣ የባንክ ወይም የሆስፒታል ኔትወርክ ኃላፊ ትሆናላችሁ፤ መሣሪያ ስትገዙም ውሉን የምታነቡት እናንተ ናችሁ። ያን ቀን ስለ ፍጥነቱና ስለ ዋጋው ብቻ አትጠይቁ። «የደህንነት ማሻሻያው እስከ መቼ ነው? እኛ ሸጠነው ሌላ ሰው ቢገዛውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።